በኋላ ጎማ ለሚነዱ ባለከፍተኛ ጉልበት ተሽከርካሪዎች የሁሉም ወቅት ጎማ አመራረጥ፦ ለመካነ ሰላምና ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ መንገዶች ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ ጽሑፍ በመካነ ሰላም ከተማና በአካባቢዋ በሚገኙ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ለሚኖሩ፣ ወደዚያም ለሚጓዙ የተሽከርካሪ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው የሞተር ኃይላቸው በኋላ ጎማዎች በኩል ወደ መሬት ለሚተላለፍ ተሽከርካሪዎች ተስማሚ ጎማ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንደሚገጠምና እንደሚያዝ ማስገንዘብ ነው። ተሽከርካሪው ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው በአራት ጎማዎች ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው የእጅ መዳፍን በሚያህል ስፋት ነው። ፍሬኑ፣ መሪውና የሞተሩ ጉልበት የሚሠሩት ይህ ስፋት መሬት ይዞ በቆየበት መጠን ብቻ ነው።

1. መረጃው የሚመለከታቸው ተሽከርካሪዎች

በኋላ ጎማ የሚነዱ ተሽከርካሪዎች በአገራችን አዲስ አይደሉም። በሕዝብ ማመላለሻ አገልግሎት ላይ የሚገኙት የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች፣ የአይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪኖች፣ የፊት ጎማቸው የማይነዳ ፒክአፖች እንዲሁም ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገሉት የላዳ መኪኖች ሁሉ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ዝርዝር ላይ ሌላ ክፍል ተጨምሯል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ቁጥር ጨምሯል። ከእነዚህ መካከል ከቻይና በብዛት የገቡት ባለ አንድ ሞተር የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ሞዴሎች ሞተራቸው ከኋላ የተቀመጠና በኋላ ጎማ የሚነዱ ናቸው። የአይዲ 4 ሞተር በአንዳንድ ዓይነቱ 150 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 204 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉን የሚሰጠው ከቆመበት ሲነሣ ጀምሮ ነው። በነዳጅ ሞተር ላይ ቀስ እያለ የሚመጣው ጉልበት በኤሌክትሪክ ሞተር ላይ በአንድ ጊዜ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ከባትሪው የተነሣ የመኪናው ክብደት ከሁለት ሺህ ኪሎ ግራም በላይ መሆኑ ደግሞ በጎማው ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጨምራል።

2. የመንገዱና የአየር ጠባዩ ሁኔታ

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ ወደ መርጡለ ማርያምና ወደ ጉንደወይን የሚዘልቀው መስመር በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ብዙ ዓይነት የአየር ጠባይ የሚታይበት ነው። ጉጉፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በታች ይሆናል። በመሆኑም ማለዳ ከደጋው ውርጭ የተነሣ ጎማ ከቀትር በኋላ የቆላውን ሙቀት ያገኛል፤ በክረምት ከሆነ ደግሞ በመካከሉ ጭጋግ፣ ዝናብና በረዶ ሊያጋጥመው ይችላል።

የአካባቢው ዝናብም ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘልቀው ክረምት ብቻ አይወሰንም። ለጋምቦን የመሳሰሉ የደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ የሚያገኙና በበልግ የሚያርሱ ናቸው። ስለዚህ «በጋ ነው፤ ያለቀው ጎማ እስከ ክረምት ያደርሰኛል» የሚለው ስሌት በዚህ አካባቢ አያስተማምንም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ በከፍተኛ ቦታዎች የሚጥለው ውርጭ በማለዳ የአስፋልቱን ገጽ ያንሸራትታል።

ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎችና ገበያዎች የሚወስዱት መንገዶች በአብዛኛው የጠጠርና የአፈር መንገዶች ናቸው። በእነዚህ መንገዶች ላይ ስለታም ድንጋይ የጎማን ጎን ይቆርጣል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ደግሞ ሲርስ በጥርሶቹ መካከል ገብቶ በመሙላት አዲሱን ጎማ ሳይቀር ጥርስ እንደሌለው ያደርገዋል። በተጨማሪም ጎሚስታ የሚገኝባቸው ከተሞች የተራራቁ በመሆናቸው በከተማ ውስጥ የአንድ ሰዓት ችግር የሆነ የጎማ ጉዳት በዚህ መስመር ላይ መንገደኞችን ሊያሳድር ይችላል። በተሽከርካሪው ውስጥ ያለው ወላድ ወይም ሕመምተኛ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ከማደርም ይከፋል።

3. በኋላ ጎማ የሚነዳ ተሽከርካሪ ልዩ ባሕርይ

ተሽከርካሪ ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ይህ ለኋላ ጎማዎች የሚጠቅም በመሆኑ በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና በደረቅ ዳገት ላይ በጥሩ ሁኔታ ይወጣል። ይህ ጥሩ አወጣጥ ግን አሽከርካሪውን ሊያዘናጋው ይችላል፤ ችግሩ የሚመጣው በቁልቁለት ነውና።

ተሽከርካሪ ቁልቁለት ሲወርድ ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የኋላ ጎማዎችም ይቀልላሉ። አሽከርካሪዎች በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዳይግል በትክክለኛው መንገድ ዝቅተኛ ማርሽ ይጠቀማሉ። በኋላ ጎማ በሚነዳ ተሽከርካሪ ላይ ይህ የሞተር መያዝ የሚሠራው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልም እንዲሁ ነው፤ አሽከርካሪው እግሩን ከጉልበት መስጫው ላይ ሲያነሣ ሞተሩ ኃይል መልሶ ወደ ባትሪው እየሞላ መኪናውን ያዘገየዋል፤ ሞተሩ አንድና ከኋላ ከሆነ የሚያዘገየው የኋላ ጎማዎችን ይዞ ነው። ስለዚህ በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ከፍተኛ የመያዝ ሥራ የሚጠየቁት በዚያች ሰዓት እጅግ የቀለሉት ሁለቱ ጎማዎች ናቸው። ጥርሳቸው ያለቀ ከሆነ ኋላው ወደ ጎን ይሸሻል፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ደግሞ መኪናው ሊዞር ይችላል።

ከጉጉፍቱ ወደ ደሴ እንዲሁም ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ለሚወርድ አሽከርካሪ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። የዚህ ጽሑፍ ምክሮችም በአብዛኛው ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

በዘመናዊ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገኙት የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ሥርዓቶች ጠቃሚ ናቸው። ይሁን እንጂ ሥርዓቶቹ የሚያደርጉት ጎማው ያለውን መሬት የመያዝ አቅም ማከፋፈል ብቻ ነው፤ ጎማው የሌለውን አቅም ሊጨምሩለት አይችሉም።

4. የጎማ ዓይነቶችና «የሁሉም ወቅት» የሚለው ስያሜ

«የሁሉም ወቅት ጎማ» የሚለው ስያሜ የመጣው በረዶ ከሚጥልባቸው አገሮች ነው። በእነዚያ አገሮች የበጋ፣ የክረምትና የሁሉም ወቅት ተብለው የሚለዩ ጎማዎች አሉ። ልዩነታቸው በጥርስ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን በላስቲኩ ቅመም ጭምር ነው።

የበጋ ጎማ፦ በሙቅ አስፋልት ላይ፣ ደረቅም ይሁን እርጥብ፣ መሬት በደንብ ይይዛል። የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ግን ላስቲኩ እየደረቀ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በደጋው የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ይህ የሙቀት መጠን እንግዳ አይደለም።

የክረምት ጎማ፦ ለበረዷማ አገር የተሠራ፣ ላስቲኩ በጣም ለስላሳ የሆነ ጎማ ነው። በቆላ ሙቀት በፍጥነት ያልቃል፤ በሙቅ አስፋልት ላይ የመቆሚያ ርቀቱም ይረዝማል። ከአውሮፓ የሚመጡ ያገለገሉ ጎማዎች ከዚህ ዓይነት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ጥርሳቸው ጥልቅ ሆኖ መታየቱ ብቻ ገዢን ሊያሳምነው አይገባም።

የሁሉም ወቅት ጎማ፦ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ነው። በደጋው ብርድ አይደርቅም፤ በቆላው ሙቀትም ቶሎ አያልቅም። በአብዛኛው በአስፋልት ላይ ለሚሠራና በአንድ ቀን ደጋና ቆላ ለሚያቋርጥ አውቶሞቢል ወይም ሚኒባስ ተስማሚው ይህ ነው።

ለማንኛውም መንገድ የሚሆን ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ፦ ከጉዞው ከፊሉ ወይም የሚበልጠው በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ ለሆነ ፒክአፕና ሚኒባስ ይመረጣል። ጎኑ ጠንካራ ነው፤ ጭቃም ይተፋል። በአንጻሩ በአስፋልት ላይ ይጮኻል፤ ኃይል ወይም ነዳጅ ይጨምራል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ የመቆሚያ ርቀቱም ከሁሉም ወቅት ጎማ ሊረዝም ይችላል።

በጎማ ጎን ላይ ስለ ወቅት የሚናገሩ ሁለት ምልክቶች ይገኛሉ። አንደኛው በላቲን ፊደል የተጻፈው «ኤም ፕላስ ኤስ» ሲሆን «ጭቃና በረዶ» ማለት ነው። ይህን ምልክት አምራቹ በጥርሱ አቀራረጽ ላይ ተመሥርቶ ራሱ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው በሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የሚያሳየው ሥዕል ነው፤ ይህ ጎማው በበረዶ ላይ በተደረገ ፈተና የተወሰነውን ደረጃ ማለፉን ያመለክታል። ለአካባቢያችን ሁለተኛው ምልክት ግዴታ አይደለም። ሥዕሉ በክረምት ጎማዎችም ላይ የሚገኝ በመሆኑ ምልክቱን ብቻ አይቶ «የሁሉም ወቅት ነው» ብሎ መደምደም አይገባም።

5. በጎማ ጎን ላይ የተጻፉ ምልክቶች አነባበብ

ጎማ ከመገዛቱ በፊት አራት ነገሮች በጎኑ ላይ መነበብ አለባቸው። ትክክለኛው ልክ በአሽከርካሪው በር ውስጥ በሚገኘው መለያ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።

ሀ. ልክ፦ ለምሳሌ «195/65 አር 15» የሚል ጽሑፍ ቢኖር፣ 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ ሲሆን፣ «አር» የውስጥ ክሩ አሠራር ራዲያል መሆኑን፣ 15 ደግሞ የቸርኬውን ስፋት በኢንች ይገልጻል።

ለ. የጭነት መጠን ቁጥር፦ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር አንድ ጎማ የሚሸከመውን ከፍተኛ ክብደት ያመለክታል። 91 ቁጥር 615 ኪሎ ግራም፣ 95 ቁጥር 690፣ 100 ቁጥር 800፣ 102 ቁጥር 850፣ 104 ቁጥር 900፣ 106 ቁጥር 950፣ 107 ቁጥር ደግሞ 975 ኪሎ ግራም ማለት ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ የሚፈጸም አንድ ስሕተት ለአደጋ ያጋልጣል። በሃይኤስ ሚኒባሶች ላይ በብዛት የሚታየው ጎማ «195 አር 15 ሲ» የሚል ነው። በመጨረሻ ያለው «ሲ» ጎማው ለንግድ ተሽከርካሪ የተጠናከረ መሆኑን ያሳያል፤ የጭነት ቁጥሩ 106 ከሆነ አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ግራም ይሸከማል። «195/65 አር 15» የሆነና የጭነት ቁጥሩ 91 የሆነ የአውቶሞቢል ጎማ በዚሁ ባለ 15 ቸርኬ ላይ ሊገጠም ይችላል፤ ዋጋውም ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን የሚሸከመው 615 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ልዩነቱ 670 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህም ከዘጠኝ ያላነሱ ሰዎች ክብደት ነው። ሙሉ ተሳፋሪና ከላይ የገበያ ዕቃ የጫነ ሚኒባስ በእንዲህ ያለ ጎማ ወደ ዓባይ ሲወርድ ጎማው ከአቅሙ በላይ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። በመሆኑም ጎማው ቸርኬው ላይ መግባቱ ብቻ ተስማሚ አያሰኘውም።

ከባትሪያቸው የተነሣ ከባድ ለሆኑት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎችም «ኤክስ ኤል» የሚል የተጠናከረ ጎማ ምልክት በበሩ መለያ ላይ ከተጠቀሰ ያለዚህ ምልክት መግዛት አይገባም።

ሐ. የፍጥነት ፊደል፦ ከጭነት ቁጥሩ አጠገብ የሚገኘው ፊደል ጎማው የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት ያመለክታል። «ኤስ» 180፣ «ቲ» 190፣ «ኤች» 210፣ «ቪ» 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ናቸው። ማንም በአካባቢው መንገድ ላይ በዚህ ፍጥነት አይነዳም፤ መንዳትም የለበትም። ሆኖም ፊደሉ ጎማው ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ጭምር ስለሚያሳይ አምራቹ ካዘዘው በታች መውረድ አይመከርም።

መ. የተመረተበት ጊዜ፦ «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ባለው ረድፍ መጨረሻ ላይ አራት አሐዞች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታሉ። «2423» ማለት በ2023 እ.ኤ.አ. በ24ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። አሐዞቹ በአንድ ጎን ብቻ ሊገኙ ስለሚችሉ ጎማውን አዙሮ ማየት ያስፈልጋል።

ከእነዚህ በተጨማሪ በብዙ ጎማዎች ላይ «ትራክሽን» እና «ቴምፕሬቸር» የሚሉ የላቲን ቃላት ከደረጃ ፊደል ጋር ይገኛሉ። የመጀመሪያው በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የመቆም አቅም ሲሆን ከ«ኤ ኤ» ጀምሮ ወደ «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» ይወርዳል። ሁለተኛው ሙቀትን የመቋቋም አቅም ሲሆን ከ«ኤ» እስከ «ሲ» ይሰጣል። ለዚህ መስመር በሁለቱም ቢያንስ «ኤ» ያለውን መምረጥ ይመከራል።

6. አዳዲሶቹ ጎማዎች ከፊት ወይስ ከኋላ?

አራቱን ጎማዎች በአንድ ጊዜ መቀየር የሁሉም አቅም አይፈቅድም፤ ሁለት ብቻ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ «መሪ ያለው ከፊት ነው» በማለት አዳዲሶቹን ከፊት፣ ያለቁትን ከኋላ ማስገጠም የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል። ጥልቅ ጥርስ ያላቸው ሁለቱ ጎማዎች ከኋላ መሆን አለባቸው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፊት ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ሲንሸራተት መኪናው ወደ ፊት ይገፋል፤ አሽከርካሪው መሪው መቅለሉ ይሰማዋል፤ ፍጥነት ሲቀንስም ብዙውን ጊዜ መሪው መልሶ ይይዛል። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ግን መኪናው ያለማስጠንቀቂያ ይዞራል፤ ልምድ ያለው አሽከርካሪ እንኳ ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። በተራ ቁጥር 3 እንደተገለጸው በኋላ ጎማ በሚነዳ ተሽከርካሪ ላይ ደግሞ የኋላ ጎማዎች መንዳትንም ማዘግየትንም ስለሚሸከሙ ከፊቶቹ ቀድመው ያልቃሉ። ይህ ሲባል ግን የፊት ጎማዎች ያለቁ ይሁኑ ማለት አይደለም።

በአንድ አክስል ላይ የሚገጠሙት ሁለት ጎማዎች በልክ፣ በዓይነትና በጥርስ ጥልቀት እኩል መሆን አለባቸው። የሚቻል ከሆነ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ቁመታቸው የተለያየ ሁለት ጎማዎች ከኋላ ሲገጠሙ ዲፈረንሻሉ ያለማቋረጥ እንዲሠራና ቶሎ እንዲያልቅ ያደርጋሉ። ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ባላቸው የጭነት መኪኖች ላይ ጥንዶቹ እኩል ካልሆኑ ትልቁ ጎማ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፤ በጥንዶቹ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይም ከጉዞ በፊት መውጣት አለበት።

የአይዲ 4 ባለንብረቶች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። የዚህ መኪና የፊትና የኋላ ጎማዎች ስፋት የተለያየ ነው፤ ለምሳሌ ባለ 19 ቸርኬው ከፊት 235/55፣ ከኋላ 255/50 ነው። ስለዚህ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማዘዋወር አይቻልም። ሲገዛም ሁለቱን ልኮች ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። የፊትና የኋላ ልካቸው አንድ የሆነ ተሽከርካሪዎች ግን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ጎማ በማዘዋወር አለቃቀሙን እኩል ማድረግ ይችላሉ።

7. የጥርስ ጥልቀት

የአዲስ የአውቶሞቢል ጎማ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። በቦዮቹ ውስጥ የሚገኙት ትንንሽ ጉብታዎች 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያላቸው የማለቂያ ምልክቶች ናቸው፤ ጥርሱ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አገልግሎቱን ጨርሷል። ሆኖም በእርጥብ መንገድ ላይ የመቆም አቅም በግልጽ መቀነስ የሚጀምረው ጥልቀቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ የክረምቱም ሆነ የበልጉ ዝናብ ከመግባቱ በፊት የኋላ ጎማዎች ጥልቀት ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይመከራል። መለኪያ የሌለው ሰው የክብሪት እንጨት ወደ ቦዩ አስገብቶ የገባበትን ያህል በጥፍሩ ምልክት በማድረግ በማስመሪያ ሊለካው ይችላል። ልኬቱ በውስጥ፣ በመሐልና በውጭ በኩል መወሰድ አለበት። አንዱ ጎን ብቻ አልቆ ከተገኘ አዲስ ጎማ ከመግጠም በፊት የእግሩን ቀጥታነት ማስተካከል ያስፈልጋል።

8. የነፋስ መጠን

ትክክለኛው የነፋስ መጠን በበሩ መለያ ላይ የተጻፈው ነው። በጎማው ጎን ላይ የሚገኘው ጎማው የሚችለው ከፍተኛው መጠን እንጂ የሚሞላው መጠን አይደለም። ብዙ ተሽከርካሪዎች ሁለት መጠን ይሰጣሉ፦ አንዱ ለቀላል ጭነት፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት። በሙሉ ጭነት ጊዜ የሚጨመረው በአብዛኛው በኋላ ጎማዎች ላይ ነው።

ነፋስ የሚለካው ማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጎማ በጉዞ ሲሞቅ ከ4 እስከ 6 ፒ ኤስ አይ ሊጨምር ይችላል። ይህ ተፈጥሯዊ በመሆኑ «ነፋሱ በዛ» ብሎ ከሞቀ ጎማ ላይ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ሲበርድ ከሚፈለገው በታች ይሆናልና። ነፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ በቆላ ሙቀትና በሙሉ ጭነት ለሚፈነዳ ጎማ ዋነኛው መነሻ ይኸው ነው።

ከቆላ ወደ ደጋ መውጣት በራሱ የነፋስ መጠኑን ያዛባል ብለው የሚሰጉ አሽከርካሪዎች አሉ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የውጭው አየር ግፊት በመቀነሱ መለኪያው 1.4 ፒ ኤስ አይ ያህል ይጨምራል። በዚያው ከፍታ አየሩ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ደግሞ ወደ 1 ፒ ኤስ አይ ይቀንሳል። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ በጉዞ መካከል ማስተካከል አያስፈልግም። ቆላ የሰነበተ ተሽከርካሪ ግን በደጋ ባደረ ማግሥት ማለዳ እንደገና ቢለካ መልካም ነው።

9. ጎማ ሲገዛ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

• በበሩ መለያ ላይ ያለውን ልክ፣ የጭነት ቁጥርና የፍጥነት ፊደል በወረቀት ጽፎ ወይም ፎቶ አንሥቶ መሄድ።

• የተመረተበትን ጊዜ ማየት። በመጋዘን የቆየ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ላስቲኩ ያረጃል። አገልግሎት ላይ ያለ ጎማ ስድስት ዓመት ሲሞላው በየዓመቱ በባለሙያ መመርመር፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ያለፈውንም መተው በአምራቾች ዘንድ የተለመደ ምክር ነው።

• ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ከሆነ ውስጡን ጭምር ማየት። በጎኑ ላይ እብጠት፣ ስንጥቅ ወይም ልጣፍ ያለበትን አለመግዛት። በድጋሚ ጥርስ የተለጠፈበትን ጎማ በፊት ጎማነት አለመጠቀም።

• ከቀረቡት ልኮች መካከል ምርጫ ካለ በአምራቹ የተፈቀደውን አነስተኛ ቸርኬና ከፍ ያለ ጎን ያለውን ጎማ መምረጥ። ባለ 19 ቸርኬው ከባለ 20 ይልቅ ለጉድጓድና ለጠጠር ይሻላል።

• ደረሰኝ መቀበልና የጎማዎቹን ዓይነት፣ ልክና የምርት ጊዜ በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ቅሬታ ቢያጋጥም ማስረጃ የሚሆነው ደረሰኙ ነው።

• ከተገጠመ በኋላ ባላንስ ማሠራትና ቡሎኖቹን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ እንደገና ማስጠበቅ።

ማንኛውም ተሽከርካሪ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግለታል። ይሁን እንጂ ምርመራው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በኋላ ጎማ የሚነዳ ባለከፍተኛ ጉልበት መኪና ግን በጥቂት ወራት ውስጥ የኋላ ጎማዎቹን ሊጨርስ ይችላል። ምርመራውን ማለፍ ባለንብረቱን ከወርኃዊ ቁጥጥር አያሳርፈውም።

10. ተቀያሪ ጎማና መሣሪያ

ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ተቀያሪ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ የነፋስ መሙያ ይዘው ይመጣሉ። ፈሳሹ በምስማር የተበሳ ጥርስን ሊደፍን ይችላል፤ በድንጋይ የተቆረጠን የጎማ ጎን ግን አያድንም። ስለዚህ ከደሴ ወደ መካነ ሰላምና ከዚያ ወዲያ ለሚጓዝ ሰው ሙሉ ልክ ያለው ተቀያሪ ጎማ፣ ክሪክ፣ የቡሎን መፍቻና የነፋስ መለኪያ መያዝ ይመከራል። የኤሌክትሪክ መኪና በክሪክ የሚነሣው አምራቹ ምልክት ባደረገባቸው ቦታዎች ብቻ ነው፤ ሌላው ወለል ባትሪውን የያዘ በመሆኑ ሊጎዳ ይችላል።

11. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰፋ ያለ ጎማ ብገጥም ይበልጥ አይዝም?
መልስ፦ በደረቅ አስፋልት ሊሆን ይችላል። በዝናብ ጊዜ ግን ሰፊ ጎማ ውኃውን ለመክፈል ስለሚቸግረው በውኃ ላይ ለመንሳፈፍ ይቀርባል። ከአምራቹ ልክ መውጣት አይመከርም።

ጥያቄ፦ ጭቃ ሲያጋጥም የኋላ ጎማ ነፋስ መቀነስ ይቻላል?
መልስ፦ ለአጭር ርቀትና በዝግታ ብቻ። ወደ አስፋልት ከመመለስ በፊት ወደ ቦታው መመለስ ስላለበት መሙያ የሌለው ሰው ሊሞክረው አይገባም።

ጥያቄ፦ መኪናው በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ኋላው ቢሸሽ ምን ይደረጋል?
መልስ፦ ፍሬን በኃይል አለመርገጥ፤ መሪውን ወደሚፈለገው አቅጣጫ በእርጋታ መያዝ። ከሁሉ በፊት ግን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነት መቀነስ። በኤሌክትሪክ መኪናም ኃይል መልሶ የመሙያውን መጠን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅ ማድረግ፤ የቀረውን የእግር ፍሬን ለአራቱም ጎማ እንዲያካፍል መተው ይሻላል።

ማጠቃለያ

ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ መንገዶች የሚሆን ጎማ በዋጋው ውድነት ወይም በጥርሱ ግዝፈት አይለይም። ጭነቱን የሚችል፣ ያላረጀ፣ ጥልቅ ጥርሱ ከኋላ የሆነና ነፋሱ በልኩ የተሞላ የሁሉም ወቅት ጎማ ለአብዛኛው ተጠቃሚ በቂ ነው። እነዚህን አራት ነገሮች ለማረጋገጥ ከአሥር ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች ለራሳቸው፣ ለተሳፋሪዎቻቸውና በመንገዱ ዳር ለሚሄደው እግረኛ ደኅንነት ሲሉ ይህን ቁጥጥር ከየጉዞው በፊት እንዲያደርጉ እናሳስባለን።